አሮጌ ፒክአፕ ከመግዛትዎ በፊት ሐረጎን ያስወጡት

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኖ አሮጌ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው የአዲስ አበባ ገዢ የማያገኘው መመርመሪያ አለው፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሐረጎ ዳገት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ ቀለምና እጥበት የሸፈኑትን ድካም በአንድ ምልልስ ያወጣዋል።

ከዚያ በፊት ግን መኪናውን ጠዋት፣ ሳይነሳ ይዩት። ሻጩን «አደራ፣ እኔ ሳልደርስ እንዳያስነሱት» ይበሉ፤ ሲደርሱም መዳፍዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። እኔ አንድ ጊዜ ነጠላ ጋቢና ሃይሉክስ ልገዛ ሄጄ ኮፈኑ ትኩስ ሆኖ አገኘሁት። ሻጩ «አሁን ሱቅ ደርሼ መጣሁ» አለኝ፤ አመንኩት። በሳምንቱ በደሴ ብርድ የሰፈሩን ልጆች እየለመንኩ ሳስገፋ ከረምኩ። ሞተሩን በብርድ አሙቀው የሚያስነሱት ካንዴላዎች ሞተው ነበር፣ ሞተሩም አልቆ ነበር።

ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ወይም የዘይቱ መለኪያ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ይዞ ከወጣ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) አልቋል፤ ከዚያ የባሰም ሊሆን ይችላል። ክዳኑንም ገልብጠው ጎማውን ይዩት። በደሴ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ግፊት ይዞ መፍላቱን የሚያዘገየው ይህ ርካሽ ክዳን ነው።

ሲነሳ ከኋላ ቆመው ጭሱን ይመልከቱ። በብርድ ጥቂት ነጭ ጭስ ታይቶ ቶሎ ከጠፋ አያስጨንቅም፤ ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋና ውሃ እየጎደለ ከሄደ ግን ያስጨንቃል። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ ይናገራል፤ አብዛኛውን ጊዜ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) አልቋል፣ ሞተር መውረዱ አይቀርም። በጥቁር ጭስ ላይ ግን አይቸኩሉ። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር፣ 3ኤል የሚባለውን ሞተር እንደያዙት የቆዩ ሃይሉክሶች ያለው፣ በደሴ ስስ አየር ጭነት ሲበዛበት ጠቆር ያለ ጭስ ያወጣል። ኮምቦልቻ ወርዶም ካልቀነሰ ናፍጣ የሚረጨውን ኑዝልና ናፍጣ የሚገፋውን ፖምፓ ያስመርምሩ። የታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹ በጊዜያቸው እንዲከፈቱ የሚያደርገው ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረም ይጠይቁ፤ በእነዚህ ሞተሮች በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፣ ከተበጠሰም ቫልቮቹን ይዞ ይሄዳል። ሻጩ ካላስታወሰ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት።

ሻንሲው (መኪናውን የተሸከመው የብረት አጥንት) ሥር ተንጋለው ይግቡ። ሞተር ይቀየራል፤ የተጣመመ ሻንሲ ግን ዕድሜ ልክ ጎማ ሲበላ ይኖራል። በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ጭነት ሲያመላልስ የኖረ ፒክአፕ ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው ንብርብር ብረት) ተደርቦለት ሊሆን ይችላል፤ ባሌስትራው ቢችለው እንኳ ሻንሲው ከጋቢናው ጀርባ፣ ጭነት መጫኛው በሚጀምርበት ቦታ ይሰነጠቃል። እዚያ ላይ ብቻ አዲስ ጥቁር ቀለም ካዩ በጥፍርዎ ይፋቁት፤ ብየዳ ሊወጣ ይችላል። ለቦዲው ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው ያስጠጉ፤ ካልያዘ ከሥሩ ስቱኮ ነው።

አሁን ወደ መንገድ። ፍሬኑን ሜዳ ላይ ሳይሞክሩ ሐረጎን አይውረዱ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ይያዙት፤ እግርዎን ከነዳጅ ሲያነሱ ማርሽ ከተፋ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ሥራ ይፈልጋል። ከኮምቦልቻ ሲመለሱ ጥቂት ኩንታል ቢጭኑበት ይመረጣል። ዳገቱ መሐል ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ ጮኾ መኪናው ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ዓይንዎ ከሙቀት መለኪያው አይጥፋ። ደሴ ሲደርሱ ሳያጠፉ የዘይት መሙያውን ክዳን ላላ ያድርጉ፤ እንደ ጀበና የሚተነፍስ ከሆነ ሞተሩ ደክሟል።

ወረቀቱ አጭር ነው፦ ሊብሬው ላይ ያሉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች ከብረቱ ጋር ይመሳከሩ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ማስረጃ ይምጣ፣ ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው አሁንም የሚሠራ መሆኑ ይጣራ። ቀብድ ከዚህ በኋላ ነው።

ዋጋውን በዕድሜው ብቻ አይገምቱት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ ስላደረገው አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ፒክአፕ በቀላሉ አይረክስም። ደላላ የሚጠራውን ሳይሆን ተመሳሳዩ በቅርቡ የተሸጠበትን ይዘው ይነሱ። ለስሌት ያህል፣ ያ ዋጋ 1,200,000 ብር ይሁን። ጋራዡ ለፍሪሲዮን፣ ለአራት ጎማና ለፊት ኩሽኔታ 130,000 ብር ገመተ እንበል፤ ላልታየው ሌላ 60,000 ይያዙ። ጣሪያዎ 1,010,000 ነው፤ የደላላው ኮሚሽንና የስም ማዛወሪያውም ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። መነሻዎን 900,000 ያድርጉት። ሻጩ «ወላሂ፣ የገዛሁበትን እንኳ አይሞላም» ሊል ይችላል። አይከራከሩት፤ ጋራዡ የጻፈውን ግምት ኮፈኑ ላይ ዘርግተው አንድ በአንድ ያንብቡለት።