ስለ ከባቢ አየርና ጨረር ሲወራ የሚደጋገሙ ስህተቶች

«አየር ጨረር ይመጥጣል» ብሎ በጅምላ መናገር የመጀመሪያው ስህተት ነው። ከደረቅ አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። ሁለቱም ምድር የምትለቀውን ኢንፍራሬድ (በዓይን የማይታይ የሙቀት ጨረር) እንዳለ ያሳልፉታል ማለት ይቻላል። ሞለኪውሎቻቸው ከሁለት ተመሳሳይ አቶሞች የተሠሩ ስለሆኑ ሲንቀጠቀጡ የኤሌክትሪክ ሚዛናቸው አይዛባም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ግን ሲተጣጠፍ ሚዛኑ ይዛባል። የሞገድ ርዝመቱ 15 ማይክሮሜትር አካባቢ የሆነውን ጨረር የሚይዘው በዚህ ነው።

ታዲያ ኦክስጅን ምንም አይመጥጥም ማለት ነው? እሱም ስህተት ነው። ከ240 ናኖሜትር በታች ያለ አልትራቫዮሌት ሲያገኘው ሞለኪውሉ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ኦዞን የሚፈጠረውም ከዚያ ነው። ስለ የትኛውም ጋዝ ሲወራ «በየትኛው የሞገድ ርዝመት?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ቀን ላይ ሰማዩ ሰማያዊ የሚሆነው አየሩ ሌሎቹን ቀለሞች ስለመጠጣቸው አይደለም። ሰማያዊው ብርሃን ከቀዩ ይበልጥ ስለሚበተን ነው። መበተን የጨረሩን አቅጣጫ ይቀይራል፤ መምጠጥ ግን ኃይሉን ለሞለኪውሉ ያስረክባል። ያ ሞለኪውልም መሬት አጠገብ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ጨረር ከመልቀቁ በፊት ከጎረቤቶቹ ጋር ይጋጫል። ናይትሮጅንና ኦክስጅን የሚሞቁት እንዲህ ነው።

ብዙ ሰው የሚደናቀፍበት ግን ይሄ ነው፦ «በ15 ማይክሮሜትር ያለው ጨረር ገና መሬት አጠገብ ተመጥጦ አልቋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢጨመር ምን ለውጥ ያመጣል?» መመጠጡ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን አየሩን እንደ አንድ ግድግዳ ያያል። የሚመጥጥ ጋዝ መልሶም ይለቃል። ከላይ ያለው ንብርብር ይቀበለውና እሱም በተራው ይለቃል። በመጨረሻ ወደ ጠፈር የሚያመልጠው ጨረር የሚነሣው ከበላዩ ያለው ጋዝ ከሳሳበት ከፍታ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨመር ይህ ከፍታ ወደ ላይ ይሸሻል። በትሮፖስፌር (በከባቢ አየር የታችኛው ንብርብር) ውስጥ ደግሞ ከፍ በተባለ ቁጥር ይበርዳል፤ ቀዝቃዛ ጋዝ የሚለቀውም ያንሳል። የሚወጣው ኃይል ከሚገባው ሲያንስ ምድር ትሞቃለች። ለውጡ የሚጎላው ከ15 ማይክሮሜትር ግራና ቀኝ ባሉት ጠርዞች ላይ ነው፤ እዚያ ያለው ጨረር ገና ሙሉ በሙሉ አልተመጠጠም። ሳተላይቶችም ቁልቁል ሲለኩ በ15 ማይክሮሜትር አካባቢ የሚያዩት ሞቃቱን መሬት ሳይሆን ከፍ ብሎ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ነው።