ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

አዳማ ላይ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ባለፈው መጋቢት አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ዴስክቶፗን በባጃጅ ጭና መጣች። ገና ጠረጴዛው ላይ ሳላስቀምጠው «ወንድሜ፣ ፎርማት አድርግልኝ፤ ከሰኞ ጀምሮ አልሠራ ብሎኛል» አለች። ፎርማት ማለት ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። እሁድ ማታ ሲቪ ጽፋ አትማበታለች። ሰኞ ጠዋት ግን ወርድን ተጭና፣ ደጁን ጠርጋ፣ ወንበር አውጥታ ስትመለስ እንኳ አልተከፈተም።

«ከሰኞ ጀምሮ» ማለቷ ለእኔ ትልቅ ፍንጭ ነው። ኮምፒውተር በአንድ ሌሊት አያረጅም። በዓመታት ቀስ እያለ ከዘገመ አቅሙ አንሷል፣ ፕሮግራሞቹ ከብደውታል። ትናንት ደህና ውሎ ዛሬ ከተንቀረፈፈ ግን የሆነ ነገር ገጥሞታል። ያ ነገር ሳይታወቅ እባካችሁ ፎርማት አታስደርጉ።

ለምን እንደምለምናችሁ ልንገራችሁ። ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን አንድ መምህር ልክ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር አመጡልኝ። ሳልመረምር ፎርማት አደረግሁት። ፋይሎቻቸውን ወደ ራሴ ዲስክ ገልብጬ፣ ዊንዶውስ ጭኜ፣ መልሼ አስገባሁላቸው። ፈጠነ። ደስ ብሏቸው ሄዱ። እኔም ቅጂውን ከራሴ ዲስክ አጠፋሁት። በ9ኛው ቀን ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሳ አለ። ሃርድ ዲስኩ ለካ ያኔውኑ እየሞተ ነበር። አዲሱ ዊንዶውስ ያልተጎዳ ቦታ ላይ ስላረፈ ለጊዜው ፈጠነ እንጂ ሕመሙ እንዳለ ነው። የ11 ዓመት የፈተና ጥያቄና የትምህርት ማስታወሻ ጠፋ። መምህሩ አልተቆጡኝም። ዝም ብለው ሄዱ። እስከዛሬ ያመኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥያቄ ነው። ከመዘግየቱ በፊት ምን ሆነ? መብራት በድንገት ጠፍቶ ነበር? የሰው ፍላሽ ተሰክቷል? አዲስ ፕሮግራም፣ በተለይ ክራክ የተደረገ (ፈቃዱ ተሰብሮ በነፃ የሚሠራ)፣ ተጭኗል? ኮምፒውተሩ ከቦታ ቦታ ተጓጉዟል? የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት ትንሽ አሰበችና እሁድ ማታ መብራት ሁለቴ ጠፍቶ እንደመጣ ነገረችኝ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው የዩፒኤሷ ባትሪም ከሞተ ቆይቷል።

ቀጥሎ ሪስታርት አድርጉት። ሻት ዳውን አላልኩም፣ ሪስታርት። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ፋስት ስታርታፕ የሚባል ነገር አለ። ሻት ዳውን ስትሉት የሲስተሙን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚጠፋው። የማታው ችግር ጠዋት አብሮት ሊነሳ ይችላል። ሪስታርት ግን ሁሉን ከዜሮ ያስጀምረዋል። በዚህች ብቻ ስንቱ ኮምፒውተር ተሽሎት እኔ ጋ ሳይመጣ ቀርቷል።

ካልተሻለው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ኮምፒውተሩ ገና እንደተነሳ የምታዩትን ቁጥር አትመኑት፤ ሁሉም ፕሮግራም ያኔ ይሻማል። 5 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ከዚያ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ሜሞሪ (ራሙ) እና ዲስክ (ፋይል የሚቀመጥበት) ከሚሉት ውስጥ 100 በመቶ አጠገብ የቆመው የትኛው እንደሆነ እዩ።

የእሷ ዲስክ 100 ላይ ነበር። ይሄ ብቻውን ዲስኩ ተበላሽቷል አያሰኝም። ፐርፎርማንስ ወደሚለው ገጽ ግቡና ሁለት ነገር አስተያዩ፤ በሰከንድ ስንት እያነበበና እየጻፈ ነው? አማካይ የምላሽ ጊዜውስ? ብዙ ሜጋባይት እያመላለሰ 100 ከደረሰ ሥራ በዝቶበት ነው። ዊንዶውስ አፕዴት ወይም አንቲቫይረስ ይሆናል፤ ሲጨርስ ይለቀዋል፣ ታገሡት። ጥቂት ኪሎባይት ብቻ እያመላለሰ 100 ላይ ከተገተረ፣ የምላሽ ጊዜውም በሺህ የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ከሆነ ግን ዲስኩ አንድ ቦታ ማንበብ አቅቶት ደጋግሞ እየሞከረ ነው። ጤነኛ ሃርድ ዲስክ ሥራ ባልበዛበት ሰዓት በ10 ወይም በ20 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይመልሳል። የእሷ ከ3,000 በላይ ይል ነበር። ጆሮዬን ኬዙ ላይ ሳደርግ ደግሞ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማኝ።

እዚህ ላይ ከደረሳችሁ ሌላውን ምርመራ ሁሉ አቁሙ። መጀመሪያ ዳታ። ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ዲስክ ሰክታችሁ የማይተካውን ብቻ አስቀድሙ፤ የራሳችሁን ጽሑፍ፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ የሒሳብ ፋይል። ፊልምና ሙዚቃ ይቆይ። ሁሉንም በአንዴ አትጎትቱት፤ በትንሽ በትንሹ ይሁን። አንድ ፎልደር ላይ ከተጣበቀ ዝለሉትና ወደሚቀጥለው ሂዱ፤ በመጨረሻ ትመለሱበታላችሁ። ዲፍራግ (ፋይሎችን ዲስኩ ላይ መልሶ መደርደር)፣ የዲስክ ጥገናና ፎርማት አሁን ክልክል ናቸው። የታመመውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ያስሮጡታል፤ የቀረችውን ዕድሜ ይጨርሷታል። ዲስኩ ያለማቋረጥ ቀጭ ቀጭ እያለ፣ ውስጡ ያለው ደግሞ እጅግ ውድ ከሆነባችሁ አጥፉትና ዳታ ለሚያወጣ ባለሙያ ስጡት። እየደጋገማችሁ አታስነሱት።

ዳታው ከወጣ በኋላ ነው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም የምከፍተው። ዲስኩ ስለራሱ የመዘገበውን ያነብላችኋል። ሰማያዊ ደህና ነው፣ ቢጫ አስጊ፣ ቀይ ያለቀለት። ከቀለሙ ይልቅ እኔ መስመሮቹን ነው የማየው። 05 የሚለው ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎችን ይቆጥራል። ሲ5 ለማንበብ አስቸግረው ፍርድ የሚጠብቁትን ነው። እነዚህ ቁጥሮች በየቀኑ እየጨመሩ ከሄዱ ዲስኩን አትመኑት። ሲ7 ግን ሌላ ታሪክ ነው። እሱ ብቻ እየጨመረ ከሆነ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው ቀጭን የሳታ ኬብል ነው። ኬብሉን ቀይሩና ቁጥሩ መጨመሩን ያቆም እንደሆነ ተከታተሉ። ወደ ዜሮ አይመለስም፤ መቆሙ ይበቃል። በኬብል ጥፋት የተጣለ ጤነኛ ዲስክ በዓይኔ አይቻለሁ።

የእሷ ሲ5 ላይ ቁጥር ተሞልቶ ነበር። የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ዲስክ፣ በ240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ቀየርኩላት። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነና እስካሁን በሃርድ ዲስክ የምትሠሩ ከሆነ፣ ራም ከመጨመራችሁ በፊት ኤስኤስዲ ግዙ ነው የምለው።

100 ላይ የቆመው ሲፒዩ ቢሆንስ? እዚያው ፐርፎርማንስ ላይ ፍጥነቱን እዩ። ቤዝ ስፒዱ (መደበኛ ፍጥነቱ) 3.2 ጊጋኸርትዝ የሆነ ፕሮሰሰር ሥራ በዝቶበት ሳለ 0.8 ላይ ከተቸነከረ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሙቀት ራሱን እየጠበቀ ነው። የአዳማ ሰው ይሄን ልብ ይበልልኝ። ንፋሳችን የኤሌክትሪክ ተርባይን ያዞራል፤ በበጋ አቧራውን ተሸክሞ ኬዝ ውስጥ ይገባል። ከማራገቢያው ሥር ያለው፣ ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘው ብረት በአቧራ ብርድ ልብስ ተሸፍኖ ያገኘሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ኮር ቴምፕ በሚባለው ፕሮግራም ሙቀቱን ለኩ። ያለ ሥራ ከ35 እስከ 50 ዲግሪ ደህና ነው። ትንሽ ስታሠሩት ወደ 100 ከተጠጋ መጽዳት አለበት። የኃይል ገመዱን ንቀሉ፣ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፣ ደጅ አውጥታችሁ በብሎወር ንፉት። ማራገቢያውን በጣታችሁ ያዙት፤ በኃይል ከተሽከረከረ ይበላሻል። ኮምፒውተሩ በመኪና ተጉዞ ከሆነ ደግሞ ብረቱን የያዙትን 4 የፕላስቲክ እግሮች ነካ ነካ አድርጉ። አንዷ ከተነቀለች ብረቱ ፕሮሰሰሩን በደንብ አይነካውም። ይሄ ሲደርስ በብረቱና በፕሮሰሰሩ መካከል የሚቀባውን ቴርማል ፔስትም አድሱት።

ሙቀቱ ደህና ሆኖ ማራገቢያው የሚጮህ፣ ታስክ ማናጀር ስትከፍቱ ግን ወዲያው ጸጥ የሚል ከሆነ ተጠራጠሩ። በእናንተ መብራት ለሌላ ሰው ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) የሚቆፍሩ ቫይረሶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ይደበቃሉ። ክራክ ከተደረገ ፕሮግራም ጋር ተያይዘው ነው ብዙ ጊዜ የሚገቡት። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ኦፍላይን ስካን የሚለውን ምረጡ። ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሳና ወደ 15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል። ሁለት አንቲቫይረስ የጫናችሁም ካላችሁ አንዱን አንሱ፤ እርስ በርስ ይጣላሉ።

ሜሞሪው ከሞላ ስንት ጊጋባይት እንደሚል አንብቡ። 8 የነበረው 4 ካለ አንዷ ራም ላልታለች ወይም ሞታለች። ኃይሉን ነቅላችሁ አውጧት፣ ወርቃማውን ጠርዝ በነጭ ላጲስ ጠርጉት፣ ቀጭ እስኪል መልሳችሁ ክተቱ። ሲ ድራይቭ ቀይ ከሆነም ቦታ አስለቅቁ። ዴስክቶፕ ላይ የምታስቀምጡት ሁሉ እዚያ ነው የሚከማቸው።

ወደ ባለሙያ የምትሄዱ ከሆነ የታስክ ማናጀሩን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ያዙ። ችግሩ እኔ ጋ ሲመጣ የሚጠፋበት ቀን አለ።

የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት ኮምፒውተሯን ልትወስድ ስትመጣ ወዲያው አላስረከብኳትም። ወንበር ሰጠኋትና የተገለበጡትን ፋይሎች ራሷ እየከፈተች እንድታያቸው ጠየቅኋት። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። 4 ፋይል አልከፈት አለ። ሦስቱን ለደንበኞቿ በቴሌግራም ልካቸው ስለነበር ከዚያ አወረድናቸው። አራተኛውን እዚያው ተቀምጣ እንደገና ጻፈችው።