የግብይት ሥርዓት መፈተኛ ሶፍትዌሮችን እንዴት እናወዳድር?

ቻርት የሚያሳይና ባክቴስት (የግብይት ሕግን ባለፉ ዋጋዎች ላይ መፈተን) የሚሠራ ሶፍትዌር የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው የኢንዲኬተሮቹን (ከዋጋ የሚሰሉ የገበያ አመልካቾች) ብዛት፣ የቻርቱን ውበትና የክፍያውን መጠን ነው። አንድ የግብይት ሕግ ባለፉት ዓመታት ያተርፍ እንደነበረ ማወቅ ለሚፈልግ ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሶፍትዌሩ «በዚህ ዋጋ ተገዝቷል፣ በዚያ ዋጋ ተሸጧል» ብሎ ሲመዘግብ በምን ግምት ላይ ተመሥርቶ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ከዚህ በታች የማቀርበው ዘዴ ይህንኑ ጥያቄ ለሁሉም እጩዎች በእኩል የሚያቀርብ ነው።

በቅድሚያ ሁለት ቀላል ሕጎችን በወረቀት ላይ ይጻፉ። የመጀመሪያው የ50 ቀን ተንቀሳቃሽ አማካይ (በየቀኑ የሚታደስ የዋጋ አማካይ) የ200 ቀኑን ወደ ላይ ሲያቋርጥ በማግሥቱ የመክፈቻ ዋጋ መግዛት፣ ወደ ታች ሲያቋርጥ ደግሞ በማግሥቱ መክፈቻ መሸጥ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ስቶፕ ሎስ (ኪሳራን ለመገደብ የሚወጣበት ዋጋ) እና ቴክ ፕሮፊት (ትርፍን ለመያዝ የሚወጣበት ዋጋ) ያለው፣ ሁለቱም ከመግቢያው ዋጋ እጅግ የማይርቁበት ሕግ ይሁን። እነዚህ ሕጎች ማትረፍ አለማትረፋቸው ለጊዜው አያሳስብም፤ ተግባራቸው እንደ መለኪያ ማገልገል ብቻ ነው። የመነሻ ገንዘቡ፣ የሚገዛው መጠንና የሙከራው ዘመን በሁሉም ላይ አንድ መሆን አለበት፤ እንደ አሚብሮከርና ሜታትሬደር 5 ባሉ፣ የዋጋ ፋይል ከውጭ ማስገባት በሚፈቅዱ ሶፍትዌሮች ላይም ያንኑ አንድ ፋይል ይጠቀሙ።

የመጀመሪያው ሕግ ከተፈተነ በኋላ የትርፉን ድምር ትተው የግብይቶቹን ዝርዝር ከእያንዳንዱ ሶፍትዌር ያውጡና ቀንና ዋጋን አንድ በአንድ ያመሳክሩ። በዚህ ቀላል ሕግ ላይ ዝርዝሮቹ መግጠም ይኖርባቸዋል። ካልገጠሙ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ አንደኛው ሶፍትዌር ምልክቱ በታየበት ካንድል (የአንድ ቀን ወይም የሌላ የጊዜ ክፍል ዋጋ በቻርቱ ላይ የሚታይበት ምስል) መዝጊያ ላይ ሲገዛ ሌላው የሚቀጥለውን መክፈቻ ይጠብቃል፤ ወይም አንዱ ለ200 ቀኑ አማካይ የሚያስፈልገውን ቀዳሚ ታሪክ ሳይጭን ስሌቱን ዘግይቶ ይጀምራል፤ ወይም ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ገበያ እንደሚያጋጥመው የብሮከሮቹ (የአገበያዮቹ ድርጅቶች) ሰርቨር ሰዓት ስለሚለያይ የቀኑ ካንድል ራሱ ሌላ ቅርጽ ይዟል። ትሬዲንግቪው የተባለው የቻርት ድረ ገጽ ፓይን ስክሪፕት በተባለው የራሱ የኮድ ቋንቋ የተጻፈን ሕግ ሲፈትን፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ በስተቀር፣ የገበያ ትእዛዙን የሚፈጽመው በሚቀጥለው ካንድል መክፈቻ ላይ ነው።

ሁለተኛው ሕግ የሶፍትዌሮቹን እውነተኛ ልዩነት ያወጣል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜዎን እዚህ ላይ እንዲያጠፉ እመክራለሁ። አንድ ካንድል የሚነግረን 4 ዋጋዎችን ብቻ ነው፤ መክፈቻ፣ ከፍተኛ፣ ዝቅተኛና መዝጊያ። ከፍተኛው ይቅደም ዝቅተኛው ግን አይነግረንም። በ100 የተከፈተ፣ እስከ 103 ወጥቶ እስከ 98 የወረደ ካንድል እንውሰድ፤ በመክፈቻው ተገዝቶ ስቶፕ ሎሱ 98.5፣ ቴክ ፕሮፊቱ 102.5 ላይ ቢቀመጥ ዋጋው ሁለቱንም ነክቷል። ትሬዲንግቪው መክፈቻው ለየትኛው ጫፍ ይቀርባል ብሎ ይመለከትና ዋጋው መጀመሪያ ወደዚያ ሄዷል ብሎ ይገምታል፤ በምሳሌያችን 98 ይቀርባልና ግብይቱ በ1.5 ኪሳራ ይዘጋል። ከፍተኛውን የሚያስቀድም ሌላ ሶፍትዌር ግን ያንኑ ግብይት የ2.5 ትርፍ አድርጎ ይመዘግበዋል። በአንድ ግብይት ላይ የተፈጠረው የ4 ነጥብ ልዩነት በመቶዎች ሲባዛ ከሳሪውን ሕግ አትራፊ ሊያስመስለው ይችላል።

የግምቱ መድኃኒት ከካንድሉ ውስጥ የተደረገውን ማየት ነው። ሜታትሬደር 5 በእውነተኛ ቲኮች (እያንዳንዱ የዋጋ ለውጥ በተመዘገበበት መረጃ) የሚፈትንበት አማራጭ አለው፤ በመክፈቻ ዋጋዎች ብቻ የሚሠራው ፈጣኑ አማራጩ ግን ካንድል ሲከፈት ብቻ ለሚወስኑ ሕጎች ካልሆነ በቀር አይታመንም። ትሬዲንግቪውም ከፍ ባለው የክፍያ ደረጃ የአነስተኛ ታይምፍሬም (አንድ ካንድል የሚሸፍነው ጊዜ) ዋጋዎችን የሚያነብ አማራጭ ያቀርባል። ያንኑ ሕግ በግምትና በዝርዝር ዋጋ ፈትነው ውጤቱ እጅግ ከተራራቀ፣ ሕጉ ያለ ቲክ መረጃ ሊፈተን የማይችል ነው ማለት ነው።

ሥርዓትዎ ብዙ አክሲዮኖችን በአንድ ጊዜ የሚያይ ከሆነ ጥያቄው ይቀየራል። በአንድ ቀን 10 አክሲዮኖች የመግዣ ምልክት ቢሰጡና ገንዘቡ ለ3 ብቻ ቢበቃ የትኞቹ ይገዛሉ? አሚብሮከር ለእያንዳንዱ አክሲዮን ነጥብ እየሰጠ በቅደም ተከተል ይመርጣል፤ የፓይን ስክሪፕት ሕግ ግን ቻርቱ ላይ ያለውን አንድ አክሲዮን ብቻ ስለሚነግድ ለዚህ ሥራ አይመቸውም። የአንድ በአንድ ውጤቶችን መደመር የፖርትፎሊዮ (ብዙ አክሲዮኖች በአንድ ገንዘብ የሚያዙበት) ሙከራን አይተካም።

የመረጃውን ጥራት ለመፈተሽ የታወቁ ቀኖችን ይመልከቱ። አፕል ነሐሴ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. አንዱን አክሲዮን ወደ 4 ከፍሏል፤ ቻርቱ በዚያ ቀን የ75 በመቶ ያህል ውድቀት ካሳየ ዋጋው አልተስተካከለም። እንዲሁም በ2008 እ.ኤ.አ. የከሰረውን ሌማን ብራዘርስን ይፈልጉ። የጠፉ ኩባንያዎች የሌሉበት መዝገብ ላይ የሚደረግ ሙከራ በሕይወት የተረፉትን ብቻ ስለሚነግድ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእውነታው ያማረ ይሆናል።

ቀጥሎ ወጪ አለ። ትሬዲንግቪው ኮሚሽንንና የዋጋ መንሸራተትን (በታሰበውና በተፈጸመው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት) ተጠቃሚው እስኪሞላቸው ድረስ ዜሮ አድርጎ ይይዛል። በየጊዜው እኩል መጠን የሚነግድ ሰው ለመግቢያ 0.1 በመቶ፣ ለመውጫም እንዲሁ ቢከፍልና በዓመት 200 ጊዜ ገብቶ ቢወጣ ወጪው የዚያ መጠን 40 በመቶ ይደርሳል። ስቶፕ ሎስም ሁልጊዜ በተቀመጠበት ዋጋ እንደማይፈጸም ጥር 15 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ታይቷል፤ የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ይከላከልበት የነበረውን ወሰን ሲያነሳ ዋጋው በደቂቃዎች ውስጥ ከ1 ፍራንክ በታች ወረደ። ሙከራዎ ያን ቀን የሚያካትት ከሆነ፣ ሶፍትዌሩ ስቶፑን በ1.19 እንደተፈጸመ ከመዘገበ አይመኑት።

አንድ ፈተና ይጨምሩ። በሳንቲም ውርወራ ዓይነት ዕጣ፣ በእኩል ዕድል በዋጋው መውጣትም በመውረዱም ላይ የሚነግድ ሕግ ጽፈው ያለ ወጪ ደጋግመው ያስኪዱት፤ ውጤቱ በዜሮ ዙሪያ መዋዠቅ አለበት፤ ወጪ ሲጨመርበትም በወጪው ልክ መክሰር አለበት። በጽኑ የሚያተርፍ ከሆነ ሶፍትዌሩ ግብይቶቹን ከእውነታው በተሻለ ዋጋ እየመዘገበ ነው። ይህ ፈተና የማይዘው ሌላ ስሕተት ገና ያልታየ ዋጋ ወደ ምልክቱ ስሌት መግባቱ ነው፤ በተለይ በፓይተን የኮድ ቋንቋ ራሳቸው መፈተኛ በሚጽፉ ሰዎች ላይ ይበዛል፤ በዛሬ መዝጊያ የተሰላውን ምልክት በዚያው በዛሬው የዋጋ ለውጥ ማባዛት በቂ ነው። ነጻነቱን ለሚፈልጉ እንደ ባክትሬደር ያሉ ዝግጁ የኮድ ስብስቦች ይህን ስሕተት ይቀንሳሉ።

የቁጥር ማመቻቻ መሣሪያዎችን (ለሕጉ የተሻሉ ቁጥሮችን የሚፈልጉትን) በፍጥነታቸው አይመዝኑ። በሕጉ ውስጥ ያሉ 3 ቁጥሮች እያንዳንዳቸው 20 አማራጭ ቢኖራቸው 8,000 ጥምረት ይወጣል፤ ከዚያ ሁሉ መካከል አንዱ በአጋጣሚ ማማሩ አይቀርም። የሚጠቅመው ቁጥሮቹን በአንድ ዘመን መርጦ ባልታየ ሌላ ዘመን የሚፈትነው ክፍል ነው፤ ሜታትሬደር 5ም አሚብሮከርም ይህን ይዘዋል።

በመጨረሻ ከቀሩት እጩዎች አንዱን ይዘው ሕግዎን በልምምድ ሂሳብ ላይ ለጥቂት ሳምንታት በቀጥታ ያስኪዱ፤ ከዚያም እነዚያኑ ሳምንታት በባክቴስት ደግመው የሁለቱን ዝርዝሮች የመግቢያና የመውጫ ዋጋ ያመሳክሩ። የሚያገኙትን አማካይ ልዩነትም በቀጣይ ሙከራዎችዎ ሁሉ ላይ እንደ ተጨማሪ ወጪ ያስገቡት።