መብራት ሲጠፋ ለኮራላችሁ

ልደታም ሁኑ አራት ኪሎ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጨው ውኃ አኳሪየም ያላችሁ፦ መብራት ሲጠፋ ስለ ብርሃኑ አትጨነቁ። ለስላሳ ኮራል (ድንጋይ የመሰለ አጽም የሌለው የባሕር እንስሳ) አንድ ሁለት ቀን ያለ ብርሃን ይቆያል። የሚጎዳው ውኃው ሲቆም ነው። በጨለማ ኮራሉም ዓሣውም ኦክስጅን መውሰድ ብቻ ነው ሥራቸው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ውኃችን የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ውድ መብራት ከመግዛታችሁ በፊት በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ይኑራችሁ። ባትሪው ካለቀ ውኃውን በጣሳ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል።

ምግብ አትስጡ። ሌሊት ከሆነ ገንዳውን ዙሪያውን ጋቢ አልብሱት (ከላይ አትክደኑት፣ አየር ይግባ)፤ 25 ዲግሪ የለመደ ኮራል የኅዳርን ብርድ አይችለውም።

መብራት ከመጣ በኋላ ሌዘር ኮራል (ቆዳ የሚመስል ለስላሳ ኮራል) ተኮማትሮ ሰም የመሰለ ስስ ልባስ ካወጣ፣ ሞተ ብላችሁ አትጣሉት። ልባሱን እየገፈፈ ነው፤ የውኃውን እንቅስቃሴ ጨመር አድርጉለት፣ በቀናት ውስጥ ይከፈታል። ከሸተተና መፈራረስ ከጀመረ ግን ቶሎ አውጡት፣ ጓንት አድርጋችሁ።