ቅርጫቱን ለእሳቸው ስጧቸው፦ በነርሲንግ ሆም ሃሎዊን ሲከበር የምንሠራቸው ስህተቶች

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በነርሲንግ ሆም (በአረጋውያን መንከባከቢያ) የምንሠራ ሐበሾች ብዙ ነን። ኦክቶበር ሲጋመስ ዝግጅቶችን የሚያሰናዳው የአክቲቪቲ ክፍል ለሃሎዊን፣ ልጆች ልዩ ልብስ ለብሰው በየበሩ ከረሜላ ለሚሰበስቡበት በዓል፣ ካርቶኖቹን ከስቶር ያወጣል። የሸረሪት ድር፣ የፕላስቲክ አጽም፣ ብርቱካናማ ዱባ። ከእኛ ግማሹ ያማትባል። ኦክቶበር 31 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ይውላልና «በማርያም ዕለት!» የሚል አይጠፋም። ግማሹ ግን ከፈረንጆቹ በላይ ይሟሟቃል። እኔ ሁለቱንም ሆኜ አይቼዋለሁ። የሠራሁትንም፣ ሲሠራ ያየሁትንም ስህተት እነሆ።

«የሰይጣን በዓል ነው» ብሎ ዳር መያዝ

በራስ ቤት አለማክበር መብት ነው። የያዝናቸውን ሰዎች ወደ አዳራሽ አላወርድም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት እናትን «ደክሟቸዋል» ብዬ ክፍላቸው አስቀረኋቸው። አልደከማቸውም ነበር። ማታ ላይ «ልጆቹ መጥተው ነበር እንዴ?» ብለው ሲጠይቁኝ መግቢያ ጠፋኝ።

እነዚህ ሰዎች ሃሎዊንን የሚያስታውሱት በአጽምና በጠንቋይ አይደለም። ዛሬ 90 ዓመት ገደማ የሆናቸው አሜሪካውያን ልጅ ሳሉ ጦርነት ነበር፤ ስኳርም ከ1942 እስከ 1947 በኩፖን ነበር የሚታደለው። ኩፖኑ ሲቀር ከረሜላ እንደ ልብ ሆነ፣ ልጆችም በየሰፈሩ በር ማንኳኳቱን ተያያዙት። ለእነሱ በዓሉ ያ ነው፤ ጨለማው፣ የጎረቤት በር፣ የሚሞላው ከረጢት። እኛ ቡሄ ላይ «ሆያ ሆዬ» ብለን ሙልሙል እንደተቀበልነው ማለት ነው። ይህ ከገባኝ በኋላ ነገሩ ቀለለኝ።

በሌላ በኩል፣ አልፈልግም የሚል ነዋሪ ካለ አይነካ። የይሖዋ ምስክሮች አያከብሩም። የማያከብሩ ወንጌላውያንም አሉ። በ1987 የወጣው የነርሲንግ ሆም ሕግ የነዋሪውን መብት በግልጽ አስቀምጧል፤ አንድ ዝግጅት ላይ መገኘትም መቅረትም የእሱ ምርጫ ነው። በሩ ላይ የሸረሪት ድር ከመለጠፍ በፊትም እሱን መጠየቅ ነው። በሩ የእሱ ነው።

አዛውንቱን ከረሜላ ተቀባይ ማድረግ

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የተለመደው አሠራር ምን ይመስላል? ነዋሪዎቹን በዊልቸር እናሰልፋለን፣ ራሳቸው ላይ የወረቀት ቆብ እናደርጋለን፣ ከዚያ ሠራተኛው እየዞረ አንድ አንድ ከረሜላ እጃቸው ላይ ያስቀምጣል። ልጅ አደረግናቸው ማለት ነው። አሳድገው፣ ድረው፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሲበሉ፣ ሲለብሱ፣ ሲታጠቡ የሰው እጅ ነው የሚያዩት። በዓመት አንድ ቀን እንኳ ሰጪ ይሁኑ እንጂ።

የሠራተኞቹ ልጆች ይምጡ፣ አዛውንቱ በራቸው ላይ ይቀመጡ፣ ቅርጫቱ እሳቸው ዘንድ ይሁን። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን የያዘባቸው እናት ነበሩን። ቅርጫቱን በግራ በኩል፣ ዊልቸሩ ላይ በሚገጠመው ጠረጴዛ አስቀመጥንላቸው። ከረሜላዋን በሁለት ጣት ለማንሳት ጊዜ ይወስድባቸዋል። ንብ መስላ የለበሰች ትንሽ ልጅ ከረጢቷን ከፍታ ጠበቀች። አንድ ባልደረባዬ ልታግዛቸው እጇን ስትዘረጋ በዓይናቸው ገላመጧት። ከረሜላዋ ሁለቴ ወደቀች። በሦስተኛው ገባች። እባካችሁ በዚህ ጊዜ አትቸኩሉ፣ ሰልፉ ይቁም።

አልጋ ላይ የሚውሉትም አይዘለሉ። ልጁ ከበሩ ገባ ብሎ ቢቆምና በስም ሰላም ቢላቸው ይበቃል። ጉንፋን ያለበት ልጅ ግን ቤቱ ይቅር፤ የመጣውም እጁን ታጥቦ ይግባ።

መቃብርን ማስጌጫ ማድረግ

በልጆች ትምህርት ቤት የካርቶን ሐውልትና የሬሳ ሣጥን ያስቃል። እኛ ጋ ግን ሞት በእውነት በዚያው ኮሪደር ያልፋል። አንድ ዓመት «በሰላም ይረፉ» የሚል የስታይሮፎም ሐውልት ከአንድ በር አጠገብ ቆሞ አየሁ። በዚያ ክፍል ያሉት ሴትዮ አብራቸው የምትኖረው ጓደኛቸው ካረፈች ሳምንቷ ነበር። ማንም ክፉ አስቦ አልነበረም፣ ግን ማንም አላሰበም። ዱባ፣ የበልግ ቅጠል፣ የገብስ ነዶ፣ ድመት ይበቃል።

መድኃኒት በጭንብል ማደል

ዲሜንሺያ (የመርሳት በሽታ) ያለበት ሰው ጭንብሉን ከሰውየው ላይለየው ይችላል። ሉዊ ቦዲ የሚባለው ዓይነት ያለባቸው ደግሞ ድሮም የሌለ ነገር ይታያቸዋል። የጠንቋይ አፍንጫ የገጠመች ነርስ ኪኒን ይዛ ስትመጣ አንድ አባት አፋቸውን አልከፍት አሉ። እስከ እራት አልተረጋጉም። ፊታችሁ ይታይ፣ ባጃችሁም ከላይ ይሁን። ቆብ ወይም ቀለም ያለው ካልሲ በቂ ነው። ሰዓቱም ቢሆን ከምሳ በኋላ ይሁን፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብዙዎቹ ይረበሻሉ።

ነዋሪውን ማልበስ ካስፈለገም በእሱ ፈቃድ። ረጅም ካባ በዊልቸር ጎማ ይጠቀለላል። የፊት ቀለምና ማጣበቂያ ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሳውን ቆዳ ይዞት ይነሳል።

ከረሜላውን ሳያጣሩ ማደል

ጠዋት ማን ምን መብላት እንደሚችል የሚያሳየውን የዳይት ዝርዝር ያዙ። ለመዋጥ የሚቸገሩት ሰዎች ምግብና መጠጥ ከ0 እስከ 7 ደረጃ አለው፤ 4 ማለት ልሙጥ ሆኖ የተፈጨ ነው። ለእነሱ ጠንካራ ከረሜላ፣ ካራሜል፣ ፋንዲሻ፣ ማርሽሜሎና ኦቾሎኒ ክልክል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አይስክሬም ላይ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ችግር የለውም ይላሉ። አፍ ውስጥ ሲቀልጥ ግን ውሃ ይሆናል፤ ውሃው በዱቄት ካልወፈረ ለማይጠጣ ሰው ትን ብሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ጄሎ የሚባለው የጄላቲን ጣፋጭም እንደዚሁ። ኩሽናውን ቀደም ብላችሁ ብትነግሩት ልሙጥ የዱባ ፑዲንግ ያዘጋጃል።

ስኳር ላለባቸው ተብሎ የሚገዛው «ሹገር ፍሪ» ከረሜላም መዘዝ አለው። ማልቲቶልና ሶርቢቶል የሚባሉት ማጣፈጫዎች ሲበዙ ሆድ ያስቀምጣሉ። የሚያጥበው ማን መሰላችሁ?

ጨለማ፣ ጭስ፣ ሻማ

መብራት አታደብዝዙ። ኦክስጅን ባለበት ቤት ሻማ አይታሰብም፤ ዱባው ውስጥ የባትሪ መብራት ይግባ። የጭስ ማሽን የሳንባ በሽተኛውን ያስላል፣ የእሳት አደጋ ደወሉንም ያስጮሃል። የሸረሪት ድሩን የኮሪደሩ መደገፊያ ላይ አትጠምጥሙ፤ ሰዎች ይዘውት ነው የሚሄዱት። ጥቁር ምንጣፍ ደግሞ ዲሜንሺያ ላለበት ሰው ጉድጓድ ሊመስለው ይችላል። ሊዘለው ሲል ይወድቃል።

ፎቶ

ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ። በ2016 የፌዴራሉ የሜዲኬርና ሜዲኬድ መሥሪያ ቤት ነዋሪን የሚያዋርድ ፎቶ ማንሳትንና ማሰራጨትን በተመለከተ ለነርሲንግ ሆሞች መመሪያ አውጥቷል፤ ነገሩ የሚታየው እንደ በደል ነው። ቆብ ያጠለቁ፣ አፋቸው የተከፈተ እናት ቲክቶክ ላይ ከወጡ ሳቁ የሚቆመው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው።

ማግስቱን መርሳት

ኖቬምበር 1 ጠዋት መሳቢያዎቹን አስፈቅዳችሁ እዩ። ትራሱን አንሱ፣ የሹራቡን ኪስ ዳብሱ። ጉንዳን ከመምጣቱም በላይ የአንዱ ከረሜላ መዋጥ ለሚቸገረው ለጎኑ ሰው ይደርሳል። እኚያ ስትሮክ የያዛቸው እናት መሳቢያ ውስጥ በሶፍት የተጠቀለሉ አራት ከረሜላዎች አገኘሁ። እሳቸው የተፈጨ ምግብ ብቻ ነው የሚበሉት። ልወስደው ስል እጄን ያዙኝ። «የእኔ አይደለም» አሉኝ። «ሳያገኝ የሄደ ልጅ ቢመለስ ብዬ ነው።»