መለዋወጫ ሱቅ በር ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች፦ አሮጌ መኪናውን በገዛ እጁ ለሚጠግን

መኪና መጠገን እንጀራዬ አይደለም። ሳምንቱን በሌላ ሥራ ውዬ፣ እሑድ ጠዋት ቱታዬን ለብሼ ግቢ ውስጥ ከቆመችው በፈረንጆች 1968 ሞዴል ቮልስ ሥር እገባለሁ። እንደኔ የሚያደርጉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ አንዱ ዲኤክስ፣ ሌላው ላዳ፣ ሌላው ከአባቱ የወረሰው ላንድሮቨር አለው። ስንገናኝ የምናማርረው ግን ሥራውን አይደለም፤ ሱቁን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መለዋወጫ የሚሸጥባቸው ሶማሌ ተራ ወይም ተክለሃይማኖት ወርዶ፣ ግማሽ ቀን ተንከራቶ፣ ተገላምጦ፣ መጨረሻ ላይ የማይገባ ዕቃ ይዞ መመለስ ሰውን ከሚወደው ነገር ያስኮርፈዋል። ጥፋቱ ሁሉ የሻጩ ይመስለኝ ነበር። ብዙ ብር ከከሰርኩ በኋላ ግን ከፊሉ የእኔ እንደሆነ ገባኝ።

ዕቃውን ቤት ትቶ ስሙን ብቻ ይዞ መሄድ

«የቮልስ ፍሪሲዮን ዲስክ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ገና ምንም አልጠየቀም። ቮልስ በፈረንጆች 2003 ሜክሲኮ ፑየብላ ውስጥ የመጨረሻዋ እስክትሠራ ድረስ መልኳን ብዙም ሳትለውጥ ኖረች፤ ውስጧ ግን በየጊዜው ተለዋውጧል። ሞተሯ 1200፣ 1300፣ 1500 ወይም 1600 ሲሲ ሊሆን ይችላል። የ1200ውና የ1300ው ሲሊንደር ስፋቱ እኩል 77 ሚሊሜትር ነው፤ የፒስተኑ ምት፣ ማለትም የሚመላለስበት ርቀት፣ ግን በአንዱ 64፣ በሌላው 69 ነው። ኤሌክትሪኩ በቀድሞዎቹ 6 ቮልት፣ በኋለኞቹ 12 ቮልት ነው። ቸርኬው በ5 ቡሎን የሚታሰርም፣ በ4 የሚታሰርም አለ። ፍሪሲዮን ዲስኩ ደግሞ እንደ ሞተሩና እንደ ዘመኑ 180 ወይም 200 ሚሊሜትር ነው።

በዚህ በመጨረሻው ነገር ነው የተማርኩት። ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ሲጀምር ቅዳሜ ዕለት ከጎረቤቴ ጋር ሞተሩን በክሪክ ደግፈን አወረድነው። የቮልስ ሞተር ካምቢዮው ላይ የሚታሰረው በ4 ቡሎን ብቻ ስለሆነ ለሁለት ሰው የሚከብድ ሥራ አይደለም። አሮጌው ዲስክ ግራሶ በግራሶ ስለነበር ጥዬው ሊብሬዬን ብቻ ይዤ ሄድኩ። ሊብሬው 1300 ይላል። ሻጩ ፊቱን እንዳጨፈገገ፣ «ሞተሩ የራሱ ነው ወይስ የተቀየረ? አሮጌውን ለምን አላመጣህም?» ብሎ ጮኸብኝ። ሰው ፊት እንዲህ መባሉ አናዶኝ «የራሱ ነው» አልኩና የሰጠኝን ይዤ ወጣሁ። እሑድ ስገጥመው ዲስኩ 180 ሆኖ የሚያርፍበት ቮላኖ 200 ነው። ዲናሞው የተቀመጠበት እግር ሥር ያለውን የሞተር ቁጥር ጠርጌ ሳነበው በ«ኤች» ይጀምራል፤ ኤች ማለት 1500 ነው። ከእኔ በፊት ከነበሩት ባለቤቶች አንዱ ሞተሩን ቀይሮታል። ሰውየው መጠየቅ ያለበትን ጠይቆኝ ነበር፤ ትክክለኛውን ዕቃ የከለከለኝ ቁጣው ሳይሆን የእኔ ኩርፊያ ነው።

ስለዚህ አሮጌውን ዕቃ በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ይሂዱ። መንቀል ካልተቻለ ልኬቱን በካሊፐር ይውሰዱ፣ ፎቶ ያንሱት፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናው ላይ ራሱ ይቅዱ። የቮልስ ሻንሲ ቁጥር የኋላ መቀመጫው ሥር፣ መሀል ለመሀል በሚያልፈው ቱቦ ላይ ተመትቷል። ቁጥሩ በ118 ከጀመረ 11 የዓይነቷ መለያ ሲሆን 8 ደግሞ 1968 ሞዴል መሆኗን ይነግርዎታል። ኦርጅናል ዕቃ ላይ የሚታተመው የዕቃ ቁጥርም እንዲሁ ይናገራል፤ በ113 የሚጀምረው ለቮልስ፣ በ211 የሚጀምረው ለኮምቢ የተሠራ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው ፊደል ዕቃው ከጊዜ በኋላ መሻሻሉን ያመለክታል። ይህን ቁጥር ጽፎ የመጣ ደንበኛ ሲያገኝ አኩራፊው ሻጭም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ቁጣን ከማታለል ጋር ማምታታት

ከሁሉም ስህተቶች ውድ ያስከፈለኝ ይህ ነው። ሻጩን ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው ያስቡት። በር ላይ ሦስት መካኒኮች ቆመው ይጮኻሉ፣ ደላላው በስልክ ዋጋ ይጠይቃል፣ ተላላኪው ልጅ መጋዘን ሄዶ ዘግይቷል። እኛ በመሀል ገብተን ስድስት ጥያቄ ጠይቀን አንድ ጓርኒሲዮን እንገዛለን። ሲያመናጭቀን ያማል፤ ማመናጨቁ ግን ሌባ ነው ማለት አይደለም።

በተቃራኒው ወንበር ስቦ ያስቀመጠኝ፣ ሻይ ያዘዘልኝ፣ «ጋሼ» እያለ ያጫወተኝ ሻጭ ነበር። የባትሪ ቻርጅ የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር «የጀርመን ነው፣ ለርስዎ ስለሆነ ነው» ብሎ ሸጠልኝ። ሁለት ሳምንት ሠርቶ ተቃጠለ። ስመለስ ወንበሩም ሻዩም የለም፤ «የኤሌክትሪክ ዕቃ ዋስትና የለውም» ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

ከዚያ ወዲህ ፊትን ትቼ ሌላ ነገር እመለከታለሁ። የመኪናውን ዘመንና ሞተር ሳይጠይቅ «ይገባል፣ ይገባል» ካለ እወጣለሁ። ካርቶኑን ከፍቼ እንዳላይ ከከለከለ እወጣለሁ። ቦርሳዬን ሳወጣ ዋጋው ከጨመረም እንደዚያው። «የለኝም፣ እዚያ ማዶ ጠይቅ» ብሎ የሚገላምጠኝ ግን እውነቱን ነግሮ ግማሽ ቀኔን አትርፎልኛል።

አንድ ነገር ግን ለይቼ ልናገር። ቁጣ ሌላ፣ ንቀት ሌላ ነው። የራሷን ቪትዝ ራሷ የምትፈታ ጓደኛ አለችኝ፤ እሷ ጠይቃ ሻጩ አብሯት ለመጣው ታናሽ ወንድሟ ይመልሳል። ልጁ ስለ መኪና የሚያውቀው ነገር የለም። ይህን መታገሥ አለባት ብዬ አላምንም። ሶማሌ ተራ ውስጥ ሱቅ ሞልቷል፤ እንዲህ ያለውን ትቶ ቀጣዩ በር መግባት ነው።

«ኦርጅናል ነው» የሚለውን ቃል ሳይፈትሹ መቀበል

ኦርጅናል የሚለው ቃል ገበያው ውስጥ ትርጉሙ ላልቷል። ከመኪናው ፋብሪካ የመጣውም፣ ጥሩ ስም ያለው ሌላ አምራች የሠራውም፣ ካርቶኑ ብቻ የተመሳሰለውም በዚሁ ስም ይሸጣል። «ኦርጅናል ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «ማን ሠራው? የየት አገር ነው? ከዚህ የሚረክሰውስ የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሐቀኛው ሻጭ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ያሳይዎታል። ኮፒ መግዛት ነውር አይደለም። የበር እጀታ ኮፒ ቢሆን ቢበዛ ይሰበራል። የፍሬን ዕቃ ላይ ግን እኔ አልደራደርም።

ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላን ልውሰድ፣ ብዙ ጊዜ ተመሳስሎ የሚሠራ ዕቃ ስለሆነ። ፊደሉ የደበዘዘ፣ ጥርሱ ሻካራ፣ ጫፉ ላይ ያለችው የታጠፈች ብረት ከመሀሉ ዘንግ ጋር ያልተገጣጠመች ከሆነ ይመልሱት። ኤንጂኬ የሚባለው ማርካ ከሆነ ቀለበቷን በጣትዎ ይሞክሯት፤ በቀላሉ ተሽከርክራ የምትወጣ ከሆነ ያጠራጥራል። ትክክለኛ ሆኖም የማይሆን አለ። የኤንጂኬ ቁጥር ውስጥ «ኤች» የሚለው ፊደል ጥርሱ 12.7 ሚሊሜትር እንደሚረዝም፣ «ኢ» ደግሞ 19 መሆኑን ይናገራል። ለቮልስ የሚሆነው አጭሩ፣ ቢ5ኤችኤስ ነው። ረጅሙም የጥርሱ ውፍረት ያው 14 ሚሊሜትር ስለሆነ ያለ ችግር ይጠብቃል፤ ነገር ግን ጫፉ ወደ ውስጥ ዘልቆ ፒስተኑን ሊመታ ይችላል። «ካንዴላ ካንዴላ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ይህን ያስታውሱ።

ኩሽኔታ (ዘንግ እንዲሽከረከር የሚይዘው ዕቃ) ከሆነ ቀለበቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከካርቶኑ ጋር መግጠሙን ይዩ። የፍሬን ዘይት ጣሳው ተከፍቶ ከቆየ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ማሸጊያው ያልተነካ ብቻ ይግዙ። ጎማ ላይ የመጨረሻዎቹን 4 አኃዞች ያንብቡ፤ 2319 ካለ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው።

ቅዳሜ መሄድ

እኛ የምናርፈው ቅዳሜ ነው፤ ገበያው የሚጨናነቀውም ቅዳሜ ነው። ለጥያቄ ጊዜ የሌለው ሻጭ ያጋጥመናል። ከቻሉ በሥራ ቀን አንድ ሰዓት አስፈቅደው ጠዋት ይሂዱ። ያው ሰው ሌላ ሰው ሆኖ ያገኙታል።

ላልመጣ ዕቃ ሙሉ ዋጋ መክፈል

«ከዱባይ እየመጣ ነው፣ ማክሰኞ ና» ይባላል። ማክሰኞ ሐሙስ ይሆናል፤ ሐሙስ ስልኩ አይነሳም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ደግሞ «የዛሬ ዋጋ ነው» የሚለው ነገር እውነትም ሰበብም ሆኗል። ነጋዴው ነገ በስንት እንደሚተካው ስለማያውቅ ዋጋው የሚቆይበትን ጊዜ ቢያሳጥር አልፈርድበትም። ስለዚህ ስምምነቱ በወረቀት ይሁን፤ የዕቃው ስምና ቁጥር፣ ጠቅላላ ዋጋው፣ የሚደርስበት ቀን፣ የተከፈለው ገንዘብ ይጻፍ። ገንዘቡም «ቀብድ» ተብሎ ይጻፍ፤ ቃሉ ዋጋ አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠው ውሉን ቢተው ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ይደነግጋል። ይህን ሲያነሡ የሚቆጣ ሻጭ ዕቃውን እንደማያመጣው አስቀድሞ እየነገረዎት ነው።

ጀርመን ወይም አሜሪካ ዘመድ ያላቸው ብዙዎች ትንንሹን ዕቃ በሻንጣ ያስመጣሉ። ጥሩ ነው፤ ዘመድዎን ግን «የቮልስ ፍሪሲዮን ዲስክ ላክልኝ» ብለው አያስጨንቁት። ሙሉውን የዕቃ ቁጥር ከነፊደሉ ይላኩለት።

ያለ ደረሰኝ መውጣት

ብዙ ሱቅ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም» የሚል ተለጥፏል። እኛም አንብበን እንደ ሕግ እንቀበለዋለን። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ደረሰኝ ከሌለዎት ከየት እንደገዙት የሚመሰክርልዎት የለም። «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» ሲባል የሚቀነሰው ገንዘብ ያጓጓል፤ ለአንድ ፊልትሮ ምናልባት ያዋጣ ይሆናል፣ ለሬጉሌተር ግን እኔ ከፍያለሁ። ደረሰኙ ላይ «መለዋወጫ» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ፤ የዕቃው ስም ይግባበት።

ሳይገጥሙ ቤት ያስቀመጡት ዕቃም ቀኑን ይበላል። እንደገዙ በዚያው ሳምንት ይሞክሩት።

መካኒኩ ፊት ዋጋ መጠየቅ

አብሮ የሄደው መካኒክ ከሱቁ ኮሚሽን የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ሁሉም እንደዚያ ናቸው አልልም፤ ፍሪሲዮን መቀየር ያስተማረኝ መካኒክ ሳንቲም አልነካብኝም። ዋጋውን ግን ቀድመው ብቻዎን ሁለት ሦስት ሱቅ ይጠይቁ።

ስፖኪዮ በጣም ሲረክስ ዝም ብሎ መግዛት

አዲስ አበባ ውስጥ ስፖኪዮና ፍሬቻ ከቆመ መኪና ላይ እንደሚነቀል ሁላችንም እናውቃለን። ከየት እንደመጣ ሊነግርዎት የማይፈልግ ሰው የሚሸጠውን ያገለገለ ስፖኪዮ ሲገዙ የሌላውን ሰው መኪና እንዲነቅሉለት እየከፈሉት ነው። እንዲህ ባይረክስም ከሱቅ፣ በደረሰኝ የሚገኝ አለ፤ ጥቂት ይጠብቁ።

ዕቃው ሲሠራ ተመልሶ አለመናገር

ሻጭ ዘንድ የምንመለሰው ስንናደድ ብቻ ነው። ያ የጮኸብኝ ሰውዬ ዘንድ፣ ዲስኩ አልገጥም ባለኝ ማግስት ሰኞ፣ ሁለቱንም ዲስኮች ይዤ ሄድኩ። «ልክ ነህ ወንድሜ፣ ሞተሩ ተቀይሮ ኖሯል» አልኩት። ያልቆሸሸውን 180 ያለ ንግግር ተቀብሎ 200 አወጣልኝ፣ ልዩነቱን ብቻ አስከፈለኝ። ገጥሜ ከነዳኋት በኋላ በሳምንቱ በዚያ ሳልፍ ገብቼ እንደሠራች ነገርኩት። አልሳቀም። ግን «ቁጥሩን አምጣ» ብሎ የሞተር ቁጥሬን ከባንኮኒው ሥር ባለ ደብተር ላይ ጻፈው። አሁን ስደውል ሞዴሏን አይጠይቀኝም፤ ካለ «አለ»፣ ከሌለ «የለም» ይለኛል፣ ስልኩንም ይዘጋል።