ከስር የሚረጥብ ግድግዳ፦ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት አካፋ አንሱ

ሀዋሳ በተለይ ወደ ሀይቁ ጠጋ ያለ ሰፈር የምትኖሩ ይሄን ነገር ታውቁታላችሁ፣ ከዞኮሎው ከፍ ብሎ ቀለሙ ያብጥና በጥፍር ነካ ስታደርጉት ተልጦ ከስሩ ነጭ ዱቄት ወለሉ ላይ ይራገፋል። እኛ ቤት እማዬ ሶፋውን አስጠግታ ደብቃው ነበር። ለመስቀል ብለን ስቱኮና ዘይት ቀለም አስቀባን፣ ታህሳስ ሳይወጣ ተላጠ፣ ያውም ከበፊቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ!

ነገርዬው እንዲህ ነው፣ ብሎኬቱም ልስኑም ውስጥ በአይን የማይታይ ቀዳዳ ስላለ የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስበው ከመሬት ውሃ ይስባል፣ ብዙ ጊዜ እስከ 1 ሜትር ድረስ ይወጣና እዛ ጋ አየሩ ስለሚያደርቀው ይቆማል። ነጩ ዱቄት ጨው ነው፣ ከአፈሩ ከውሃው ጋር ይመጣል፣ ውሃው ሲተን እሱ ይቀራል። ዘይት ቀለም ወይ ሴራሚክ ስትደርቡበት ደሞ ውሃው የሚተንበት ሲያጣ ሽቅብ ይሄዳል፣ የኛ ስንዝር ከየት እንደመጣች ገባችሁ አይደል። ሀይቁም መውጫ ወንዝ የለውም፣ ዝናብ ሲበዛ ከፍ ይላል፣ ዳር ዳሩን ብዙ ሳትቆፍሩ ውሃ ነው።

ግን መጀመሪያ አረጋግጡ። እርጥበቱ ከኮርኒስ የሚወርድ ከሆነ ቆርቆሮው ወይ አሸንዳው ነው። አንድ ቦታ ብቻ ሆኖ በጋም ካልቀነሰ ማታ ቧንቧ ሁሉ ዘግታችሁ ቆጣሪውን ፎቶ አንሱት፣ ጠዋት ቁጥሩ ከሄደ ቱቦ ተበስቷል። ሌላው ፌስታል ቆርጣችሁ አራቱንም ጎን በስኮች ግድግዳው ላይ አሽጉት፣ ከ2 ቀን በኋላ ጠብታው ከፌስታሉ ጀርባ ከሆነ ከግድግዳው የመጣ ነው፣ ከፊቱ ከሆነ የቤቱ እንፋሎት ነው፣ መስኮት ክፈቱ በቃ።

አሁን አካፋው። የኛ ሰፈር ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከግቢው ከፍ አለና ጎርፍ እንዳይገባ ብለን ግቢውን በሰሌክት ሞላነው፣ አፈሩ ከሳሎኑ ወለል እኩል ሆኖ ግድግዳው ላይ ተኛ። የመጣው ቀለም ቀቢ ሁሉ ከውስጥ አይቶ ዋጋ ይጠራል እንጂ ዞሮ ውጭውን ያየ የለም። ግቢውን በሙሉ መቆፈር አያስፈልግም፣ ግድግዳው ስር ግማሽ ሜትር ስፋት ቦይ አውጡና አፈሩ ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲም ዝቅ ይበል፣ ጠጠር ሙሉበት፣ ወደ ዝቅተኛው ጎን አዝቅዝቁት። የአሸንዳውን ውሃ በቱቦ አርቁ። ግድግዳ ስር አበባ ካለ ይነሳ (እማዬ እዚህ ጋ አኩርፋኛለች)።

ከዛ ልስኑን ከእርጥበቱ ምልክት 50 ሳንቲም አሳልፋችሁ በመሮ አራግፉት፣ ጨው የጠጣ ልስን ከአየርም እርጥበት ስለሚስብ ማትረፍ አይቻልም። ብሎኬቱን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ፣ በውሃ እንዳትነኩት። ከባዱ መጠበቁ ነው፣ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲም የግድግዳ ውፍረት አንድ ወር ያህል ይባላል፣ እኛ ጥቅምት ላይ ጀምረን በጋውን ሙሉ ራቁቱን ተውነው፣ እንግዳ ሲመጣ ያሳፍራል ግን ምን ይደረግ።

ካልደረቀ የታችኛው ብሎኬት መጋጠሚያ ላይ በ12 ሚሊ መሰርሰሪያ በየ12 ሳንቲሙ በስታችሁ ውሃ የሚገፋ ክሬም ትሞላላችሁ። ስትለስኑ ሲሚንቶው ላይ የውሃ መከላከያ ጨምሩ፣ ጀሶና ስቱኮ ግን ወደታች አይድረስ።

ጭቃ ቤት ከሆነ መብሳቱንም ሲሚንቶውንም እርሱት፣ ሲሚንቶ ውሃውን አፍኖ ማገሩን ያበሰብሰዋል ምስጥም ይጠራል። በጭድ የተቦካ ጭቃ ለስናችሁ ኖራ ቀቡት።